«በምን ሞተ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ማን ነው?

ዛሬ ስለ ክትባት ወይም ስለ ሳል አልጽፍም። ወላጅ ማሰብ የማይፈልገውን ነገር ነው የማነሳው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለሚቀበር ሞት። ከበድ እንደሚል አውቃለሁ። ግን የማነሳው በቤት ለቀሩት ልጆች ስል ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተረኛ በሆንኩበት አንድ ሌሊት ከሁምቦ ቆላማ ቀበሌዎች፣ ከአባያ ሐይቅ በኩል፣ አንድ አባት በሞተር መጣ። ሹፌሩ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ልጁ በመካከላቸው። ልጁ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲደርሱ ሕይወቱ አልፏል። አባትየው አላለቀሰም። «ዶክተር፣ ትናንት ደህና ነበር እኮ፤ በምን ሞተ?» አለኝ።

ጠየቅኩት። ከቀትር ጀምሮ ትኩሳት ነበረው፣ አስመለሰው፣ ማታ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ መዝገቡን ከፈትኩና «ሞቶ የደረሰ» ብዬ ጻፍኩ። በቃ። ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም አልወሰድኩም፤ ያን እንድሠራ የሚጠይቀኝ ፎርም አልነበረም፣ ከእኔ በፊት የነበሩትም አይሠሩም ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ» ብዬ ሸኘሁት። ጠዋት ተቀበረ።

ለቅሶው ላይ ወሬ ተነሳ። ልጁ ከመታመሙ አንድ ቀን በፊት ጎረቤት ቤት ምሳ በልቶ ነበርና «አብልተውት ነው» ተባለ። በአምስተኛው ቀን ታናሽ እህቱ በዚያው ሞተር መጣች፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ። ደሟ ሲመረመር ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ ወባ ነበር። መድኃኒት በደም ሥሯ ገባላት፣ ዳነች። አባትየው ቆሞ አያትና «የልጄም ይህ ነበር እንዴ?» አለኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

በእርግጥ ወባ በሚበዛበት አካባቢ በሞተ ልጅ ደም ውስጥ ወባ መገኘቱ ብቻውን የሞቱን ምክንያት አያረጋግጥም፤ ብዙ ልጆች ወባውን ይዘው በሌላ በሽታ ሊሞቱ ይችላሉ። ግን ያ ምርመራ ቢሠራ ኖሮ እህቱን በነጋታው አስጠርቼ እመረምራት ነበር። ጎረቤትየዋም ስሟ ባልጠፋ። እስከማውቀው ድረስ ሁለቱ ቤቶች ዛሬም ቡና አይጠራሩም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሁምቦ ወረዳ፣ በወላይታ ዞን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አንድ ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲሞት «በምን?» ብሎ የመጠየቅ ሥራ የማን ነው?

ወንጀል የተጠረጠረበት ሞት ከሆነ መንገዱ ይታወቃል። ፖሊስ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እንደ እኔ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ቁስል ይለካል፣ ይጽፋል። ነገሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ አስከሬኑ አዲስ አበባ ይላካል። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ አስከሬን የሚላከው ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ ኋላ ደግሞ ወደ ጳውሎስ። ለዚህ ሙያ የሠለጠኑ የፎረንሲክ ሐኪሞቻችን በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት እዚያው አዲስ አበባ ነው። ከሶዶ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቤተሰብ መኪና ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይከፍላል፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙዎች «ይቅርብን፣ አፈር እናልብሰው» ይላሉ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ወንጀል ያልተጠረጠረበት ሞትስ? እቤት የሞተው ሕፃን፣ እርሻ ላይ ወድቆ የቀረው አባት፣ ተኝታ ያልነቃችው ወጣት? እነዚህን የሚጠይቅ ቢሮ የለም ማለት ይቻላል። የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ፣ ሄዳችሁ ካሳወቃችሁት፣ መሞታቸውን ይመዘግባል። በምን እንደሞቱ የሚነግረው ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ስለ ራሳችን ስለ ሐኪሞችም ልናገር። ሆስፒታል ውስጥ ለሞተ ሰው እንኳ የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ልብና መተንፈስ በመቆሙ» ብለን እንጽፋለን። የማን ልብ ነው ሳይቆም የሞተ? ይህ ምክንያት አይደለም፤ ሞቱ ራሱ ነው በሌላ ቃል የተጻፈው። የተጠየቅነው ልቡን ምን አቆመው ተብሎ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ መንግሥት በየዞኑ የአስከሬን ምርመራ ማዕከል ይሥራልን» ትሉ ይሆናል። እኔ ከዚያ በፊት ትንሽ ነገር ነው የምጠይቀው፤ ይቆጠርልን። በየወረዳው የሞትን ምክንያት የሚያጣሩ ወይም ማጣራት የሚገባቸው ቢሮዎች፣ ሆስፒታሎችና ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ፣ ምን እንዳላቸውና ምን እንደጎደላቸው የሚያይ ጥናት መንግሥት በጀት መድቦ ያስጠናልን።

ይህን ሥራ ሌሎች አገሮች ሠርተውታል። አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛና አጠራጣሪ ሞትን የሚያጣሩ ወደ 2000 ገደማ ቢሮዎች አሉ። አንዳንዶቹን የሚመራው ሐኪም ነው፤ ሌሎቹን ሕዝብ የመረጠው፣ ሐኪም መሆን የማይጠበቅበት ሰው ነው። ሀብታም አገር ስለሆነ ሁሉም ነገር የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ለነዚህ ቢሮዎች መጠይቅ ላከና ስንት ሠራተኛ፣ ምን ያህል በጀት፣ ምን ዓይነት ላቦራቶሪ እንዳላቸው መዘገበ። እንዲህ ያለው ቆጠራ እንደገና የተካሄደው በ2018 ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ። ለሞቱ ሰዎች ቢሮ ገንዘብ ማግኘት እዚያም ቀላል አይደለም ማለት ነው። ሆኖም ቆጥረዋል፤ የቱ ቢሮ ምን እንደሚጎድለው የሚያሳይ ወረቀት አላቸው። እኛ ስለ ሶዶ፣ ስለ ጠበላ፣ ስለ አርባ ምንጭ፣ ስለ ሳውላ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችን ቢኖር የት መጀመር እንዳለብን እንከራከር ነበር።

«ለሙታን ከሚወጣ ገንዘብ ለሕያዋን መድኃኒት አይገዛም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ መድኃኒት ሲያልቅ ያየሁ ሰው ነኝና አላጣጥለውም። ግን መድኃኒቱን የት እንደምንልክ የሚነግሩን ሙታን ናቸው። ከዚሁ ከአጠገባችን ልንገራችሁ።

ኦፋ ወረዳን ታውቃላችሁ፤ ከሁምቦ ጋር ይዋሰናል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኦፋ ውስጥ ሰዎች እየታመሙ ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ ይሞቱ ጀመር። የጉበት በሽታ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው መታመሙን የጤና ባለሙያዎች አስተዋሉ፣ ሪፖርት አደረጉ፣ ናሙና ተወሰደ፣ እስከ ሴኔጋል፣ ዳካር ድረስ ተልኮ ቢጫ ወባ መሆኑ ተረጋገጠ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 35 ሰዎች ተጠርጥረው 10 ሞተዋል። ከዚያ በኋላ የክትባት ዘመቻ መጣ። ክትባቱን የወሰዳችሁ፣ ለምን እንደተወጋችሁ ታስታውሱ እንደሆነ እንጃ፤ የኦፋዎቹ ሕመምና ሞት ስለተጠየቀ ነው። ከዚያ ወረዳ የመጀመሪያዎቹ ሟቾች «በምን እንደሆነ አይታወቅም» ተብለው ብቻ ተቀብረው ቢሆን ኖሮ ትንኟ የወረዳ ድንበር አታውቅም፤ ሁምቦ ትደርስ ነበር።

ቅርብ ጊዜም አይታችኋል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በዚሁ በክልላችን፣ ጂንካ ላይ፣ ማርበርግ የተባለው ቫይረስ መከሰቱ ሲረጋገጥ በአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ማርበርግ መጀመሪያ ላይ ወባ ይመስላል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ። አስከሬን በማጠብና በመንካትም ይተላለፋል። እንዲህ ያለ በሽታ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት ሰው ከገደለና ማንም ካልጠየቀ አራተኛው ሟች አጣቢው ይሆናል፤ አምስተኛው ነርሷ።

ከአዲስ አበባ ደግሞ የምወደው ታሪክ አለ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መቃብር ቦታዎች ሁሉ መዝጋቢ አስቀመጡ። የሚቀበረው ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት፣ ዘመድ በምን ሞተ ይላል? ብለው ጻፉ። ለተወሰኑትም ቤተሰብ ዘንድ ሄደው የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠየቁ። ቢላ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ። በዚያ ጊዜ ኤድስ በአዋቂዎች ላይ ምን ያህል እየበረታ እንደነበር መቃብሩ በግልጽ አሳየ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ የኤድስ ሞት በፍጥነት መውረዱን ያረጋገጡት እነዚሁ የመቃብር መዝገቦች ናቸው። መድኃኒቱ እንደሚሠራ በሆስፒታል ይታወቅ ነበር፤ ከተማዋን እያዳነ መሆኑን የተናገረው ግን መቃብሩ ነው።

ይህ ዘመድን ጠይቆ የሞትን ምክንያት የመገመት ዘዴ በቃል የሚደረግ የአስከሬን ምርመራ ይባላል። በቡታጅራ፣ በአርባ ምንጭ አካባቢና በሌሎችም የዩኒቨርሲቲ ጥናት ጣቢያዎች ይሠራበታል። «አስከሬን» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ፤ ማንም ሰውነት አይነካም። በሐረርና በቀርሳ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ሥራ አለ፤ ከሞተ ሕፃን በቀጭን መርፌ ብቻ ናሙና እየተወሰደ፣ ወላጅ ፈቅዶ፣ ገላው ሳይከፈት፣ ቀብሩም ሳይዘገይ ምክንያቱ ይፈለጋል። ውጤቱ ተመልሶ ለቤተሰቡ ይነገራል። ይህን የምጽፈው «ልጄን አትቆራርጡብኝ» ለሚሉ እናቶች ነው። ስሜታችሁን አከብራለሁ፤ ምርመራ ሁሉ ግን መቆራረጥ አይደለም።

እንዲያውም መንግሥታችን አንድ ዓይነት ሞትን መጠየቅ ከጀመረ ቆይቷል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት እናት በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት ስትሞት ሪፖርት ይደረጋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትሰማለች፣ ባለሙያ ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ ኮሚቴ ተቀምጦ የት ዘገየች፣ ምን ጎደላት ይላል። ደንቡ ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ስምም አይነሳም። አምቡላንሱ ነዳጅ አልነበረውም? ደም አልተገኘም? ቤተሰብ ዘገየ? ይህ አሠራር በደንብ በተተገበረበት ቦታ መልሱ ወደ ሥራ ይለወጣል። ለእናቶች ከተቻለ ለአምስት ዓመቱ ልጅ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ጥናቱ ምን ይቁጠር? የቢሮውን ጠረጴዛ ለመቁጠር ገንዘብ እንዳይባክን እኔ ማወቅ የምፈልገውን ልናገር። በየሆስፒታሉ የአስከሬን ማቆያ ፍሪጅ አለ ወይ፤ ካለስ መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? አስከሬን መርምሮ ለፍርድ ቤት እንዲጽፍ የሚጠየቀው ሐኪም ለዚህ ስንት ቀን ሠልጥኗል? (የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ተማሪ ሳለሁ የሰማኋቸው ጥቂት ትምህርቶች ናቸው።) ፖሊስ ደብዳቤ ከጻፈበት ቀን ውጤቱ ለቤተሰብ እስከሚደርስበት ቀን ስንት ወር ያልፋል? የመጓጓዣውን ማን ይከፍላል? ባለፈው ዓመት በቀበሌው ከተቀበሩት ውስጥ ስንቱ ተመዘገበ፣ ስንቱስ ምክንያት ተጻፈለት? እድሮችም ይጠየቁ፤ ለእያንዳንዱ ቀብር ገንዘብ ስለሚያወጡ ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ የእድሩ ደብተር የተሟላ ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ።

ይህ ሕንፃ አይጠይቅም። መጠይቅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ነዳጅና አበል ይጠይቃል። የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሶዶ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ሶዶ ላይ አለ፤ ለሁምቦ ከዚህ የቀረበ የለም። ደግሞ ገንዘቡ የመንግሥት ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእርዳታ ድርጅት የተጀመረ ቆጠራ ድርጅቱ ሲሄድ ይቆማል፤ ያንን በብዙ ነገር አይተነዋል። ሞት ግን ፕሮጀክት አልቋል ብሎ አይቆምም።

በጀቱ እስኪመጣ እናንተ ልታደርጉት የምትችሉት አለ።

ሞትን አስመዝግቡ። በሕጉ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ለቀበሌ መነገር አለበት። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ቢሆን፣ ስም ባይወጣለትም፣ አስመዝግቡት። «ሰው አልሆነም» ተብሎ በጓሮ የሚቀበር ጨቅላ በቁጥር ውስጥ ስለማይገባ ነው ለጨቅላ ሕፃናት በቂ ትኩረት የማይሰጠው።

በቤታችሁ ልጅ በትኩሳት ከሞተ ሌሎቹን ልጆች በዚያው ቀን፣ ከቀብሩም በፊት ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ለቅሶ ላይ ነን ብላችሁ አትቆዩ፤ ጎረቤት ይውሰዳቸው። አጎበሩም እንዳለ ይዘርጋ። ለቅሶ ቤት ሰው ውጭ ሲያድር ማን በአጎበር እንደተኛ የሚያይ የለም።

በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር በቀናት ልዩነት ሁለት ሰው ተመሳሳይ ምልክት አሳይቶ ከሞተ፣ በተለይ ደም መፍሰስ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ፣ አስከሬኑን ከማጠባችሁ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውሉ።

መርዝ ከተጠረጠረ ማሰሮውን አትጠቡ፣ ትውከቱን አትጥረጉ፣ ጠርሙሱን ወይም ማሸጊያውን አስቀምጡ፣ ከሕፃናት አርቃችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሴ ትንሽ ቢወጣም ዝም ማለት አልችልም። እህል ነቀዝ እንዳይበላው የምትጨምሩት ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። እህሉ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ጋዙ ሌሊት ሊገድል ይችላል። ምልክቱ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ነው፤ ሰው ግን «ምግብ ተመርዞ ነው» ወይም «መጋኛ መታው» ይላል። እንዲህ ባለ ሞት ምክንያት ስንት የዋህ ጎረቤት ተጠርጥሮ ይሆን? ክኒኑ ያለበትን እህል ከመኝታ ቤት አውጡ፤ ዛሬውኑ።

ወንጀል ከጠረጠራችሁ ደግሞ ከቀብር በፊት ለፖሊስ ተናገሩ። ከተቀበረ በኋላ አስከሬን ማውጣት ለቤተሰብ ሁለተኛ ለቅሶ ነው፤ ብዙ ማስረጃም በአፈር ይጠፋል።

የጤና ባለሙያ «ስለ ሟቹ ልጠይቃችሁ» ብሎ ቤት ሲመጣ እውነቱን ንገሩት። ባህላዊ መድኃኒት ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ከሆነ፣ ገንዘብ አጥታችሁ ከሆነ አትደብቁ። ማንም አይከስሳችሁም።

በመጨረሻ ስለ ራሴ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሞቶ የደረሰ ሕፃን ሲመጣብኝ ወላጁን አስፈቅጄ ከጣቱ ደም እወስዳለሁ፣ የወባ ምርመራ እሠራለሁ፣ ከዚያ የወንድሞቹንና የእህቶቹን ስምና ዕድሜ እጠይቃለሁ። በነጋታው ለቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን እደውላለሁ። መዝገቡ ለእነዚህ ስሞች የሚሆን ቦታ የለውም፤ የምጽፋቸው ከገጹ ጀርባ ነው።